የደግፌ ሙዝ

አውቶቡሱ ቡታጅራ መናኸሪያ ሲቆም ሌላው ተሳፋሪ ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ እኔ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። የምሄደው ወደ ሆሳዕና ነው፤ ቡታጅራ ላይ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ግን ይህን ያህል ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ ለእኔ ቅጣት ነው። ረዳቱ «እህቴ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የምንቆመው» ሲለኝ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ወረድኩ።

በሳፋ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አንድ ዘለላ አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከጣፋጩ ሽታ ሥር የጭስ ሽታ አለው። መጋዘን ውስጥ የሚበስለው ሙዝ እንዲህ አይሸትም፤ ይሄ በጭስ፣ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለ ነው። ሳላስበው አንዱን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት።

«ኧረ እህቴ፣ አትጫኚው! ነገ እኮ እዚያው ላይ ይጠቁራል» አለች ሴትየዋ።

«መብሰሉን እያየሁ ነው።»

«መብሰሉማ በዓይን ይታያል!»

አፍሬ ያንኑ ዘለላ ገዛሁ። አውቶቡሱ ተነስቶ ከከተማው ከወጣን በኋላም ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩት ሳልነካው ቆየሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ሙሉ ክረምት ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ሙዝ መጫን፣ ማሽተትና መጠበቅ ብቻ። መጠበቁን እንኳ ሥራ አልለውም፤ አላውቅበትም ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ቡታጅራ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እናቴም አስተማሪ ናት። በክረምት ለተጨማሪ ትምህርት ባሕር ዳር ስለምትሄድ ያን ዓመት ከአባዬ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ አያቋርጥም። አባዬ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያነባል፤ እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ውስጥ ምንድነው ያለው?» ይለኛል ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሳ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ሂጂ እስኪ፣ እትዬ አስካለ ጋ ሂጂ።»

እትዬ አስካለ አከራያችን ናቸው። የቡኢ ተወላጅ ናቸው፤ በትዳር ቡታጅራ መጥተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ በስልክ ከዘመዶቻቸው ጋር በክስታንኛ፣ በሶዶ ጉራጌ ቋንቋቸው። በክስታንኛ ሲያወሩ ድምፃቸው ስለሚጨምር ሁልጊዜ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር። ስልኩን ዘግተው ሲስቁ ግራ ይገባኛል። ከዚያ ሁሉ ወሬ የምለየው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ደግፌ» እና «መስቀል»።

ደግፌ አንድ ልጃቸው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ አባቱ በሞተ በዓመቱ፣ አዲስ አበባ አጎቱ ሱቅ ላኩት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያው ይሄዳል፤ የሄደ ደግሞ ለመስቀል ይመጣል። ደግፌም የመጀመሪያውን መስቀል መጥቶ «አልመለስም፣ እዚሁ ልማር» ብሎ ቢያለቅስ መልሰው ሰደዱት። ከዚያ ወዲህ አምስት መስቀል አለፈ፤ አልመጣም። የአጎቱንም ሱቅ ትቶ ጋራዥ ገብቷል ይባላል። መስከረም በጠባ ቁጥር ጎረቤቶች «ደግፌስ?» ሲሏቸው እትዬ አስካለ «ሥራ በዝቶበት» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

በዚያ ዓመት ግን እመጣለሁ አለ። ራሱ ደወለና ከጤንነታቸው ቀጥሎ የጠየቀው «ሙዜ አፈራ ወይ?» ብሎ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ መሃል፣ ከመሄዱ በፊት የተከላት አንዲት ሙዝ ነበረች፤ እናትየዋ ሞታ ልጇ፣ ልጇ ሞታ የልጅ ልጇ ቆማለች። አንድ ትልቅ ግንድ ፍሬ ተንጠልጥሎባታል። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ያይዋትና «ይሄ ሲበስል ደግፌ ይመጣል» ይሉኛል።

አዋቂ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰሞን ይገጣጠማሉ ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ደግፌን የሚያመጣው ሙዙ ነው ብዬ ያዝኩ። እሱ እስኪበስል አዲስ አበባ ላይ የሆነ ነገር አስሮ ይዞታል፤ የበሰለ ቀን ይለቀቃል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን አልጠየቅሁም። የትልልቅ ሰዎች ነገር ብዙው እንዲህ ነበር።

ስለዚህ በየቀኑ እየሄድኩ እጫናለሁ። ባልዲ ገልብጬ እቆምበታለሁ፣ እጄ የደረሰበትን ሁሉ በአውራ ጣቴ እሞክራለሁ። ድንጋይ ነው። ማግስቱንም ድንጋይ ነው። በሳምንቱ አረንጓዴው ላይ ቡናማ የጣት ምልክቶች ወጡበት።

«ሀና! ገደልሽው እኮ! ዝንጀሮ ነሽ እንዴ?» ብለው እትዬ አስካለ ባልዲውን ወሰዱብኝ።

አባዬ ለሚመጣው ዓመት ትምህርት ሙከራ ሲያዘጋጅ ከዚሁ ሙዝ አንድ ጥሬ ለመነና፣ ከገበያ የበሰለ ጨምሮ ሁለቱንም በስሱ ቆረጣቸው። ጉልበቴ ሲላጥ የሚቀባኝን አዮዲን አምጥቶ በሁለቱም ላይ አንዳንድ ጠብታ ጣል አደረገ። ጥሬው ወዲያው እንደ ቀለም ጠቆረ። የበሰለው ላይ አዮዲኑ ብዙም ሳይለወጥ ቀረ።

«ጥሬው ለምን ጠቆረ?»

«ስታርች ስላለው ነዋ። ስታርች ማለት ስኳር ነው፣ ግን እንደ ሰንሰለት እርስ በርሱ የተያያዘ። ምላስሽ ሰንሰለቱን አያውቀውም። ሙዙ ሲበስል ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ቀለበቶቹ ይለቀቃሉ፤ ያን ጊዜ ይጣፍጥሻል።»

«ስኳሩ ከውጭ አይደለም የሚገባው?» እኔ ከዝናቡ ይመስለኝ ነበር።

«ከየት አባቱ ይገባል? ከዛፉ ከተቆረጠ በኋላ እኮ ነው የሚጣፍጠው። ውስጡ ነበረ።»

«ሰንሰለቱን ማነው የሚቆርጠው?»

«ኢንዛይም።»

ኢንዛይም የሚባለውን ወዲያው ሰው አደረግሁት። አጭር፣ መቀስ የያዘ፣ ብዛቱ እንደ ጉንዳን፣ እንቅልፍ የሚወድ። እስከዚያ ቀን ሙዙን ስጫን የቀሰቀስኳቸው መሰለኝና ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«አባዬ፣ ቶሎ እንዲሠሩ ምን ይደረጋል?»

«ሙቀት ይወዳሉ። ሲበርዳቸው ይሰንፋሉ፣ ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ። ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ጓሮ ደርሻለሁ። አባዬ በዚያ ክረምት ከጀመራቸው ዓረፍተ ነገሮች ግማሹን የጨረሰው ለባዶ በር ነው።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው እትዬ አስካለ የፍሬውን ግንድ ቆረጡት። ሙዙ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ፍሬ ጠርዝ ጠፍቶ ክብ ሆኗል። «ጠርዙ ሲጠፋ ደርሷል ማለት ነው» አሉኝ። ከእንሰቱ አጠገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ውስጡን በኮባ፣ በእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ማለት ነው፣ አለበሱት። ሙዙን ዘለላ ዘለላውን ደርድረው በኮባ ሸፈኑና አፈር መለሱበት። በጎኑ ቀዳዳ ተዉለት። ከዚያ በገል ላይ ትንሽ ፍም አድርገው፣ እርጥብ ቅጠል ጣል አድርገውበት፣ ጭሱን በድስት ክዳን እያራገቡ ወደ ቀዳዳው አስገቡና በኮባ ወተፉት። ጠዋትና ማታ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ትንሽ እሳት ብንጨምርበትስ?» አልኳቸው።

«ኧረ ወዲያ! ጭሱን ነው የሚፈልገው። እሳት ካየ አለቀለት።»

እዚህ ላይ ተጨነቅሁ። አባዬ ሙቀት ይወዳሉ ብሏል፤ እትዬ አስካለ ደግሞ አይወዱም ይላሉ። አባዬ ባዮሎጂ ያስተምራል፤ እትዬ አስካለ ስለ ኢንዛይም ሰምተው አያውቁም። ልቤ ወደ ባዮሎጂ አደላ።

ለመስቀል የቤቱ ግድግዳ በሙሉ በጭቃና በእበት እንደ አዲስ ይለሰናል። እትዬ አስካለ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆኖ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እኔ አንስቼ ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ደግፌ ነበር፤ ጎርነን ያለ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። ረጅም ነገር ተናገረ። እትዬ አስካለ በዚያ ቀን ድምፃቸውን አልጨመሩም። ሁለት ሦስት ቃል መለሱና እሱ ስልኩን ዘጋው።

«ምን አለ?»

«ሥራ አለብኝ፣ ላልመጣ እችላለሁ ይላል» አሉኝና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ። አንዱን ቦታ ለሰኑ፤ እንደገና እዚያው ላይ ለሰኑ። መዳፋቸው ከዚያች ቦታ አልነቃነቅ አለ።

«እትዬ፣ እሱን እኮ ጨርሰውታል።»

ግድግዳውን ያኔ ገና ያዩት ይመስል ትክ ብለው አዩት። 

እኔ ግን ችግሩ ገብቶኛል። ኢንዛይሞቹ በርዷቸው ሰንፈዋል፤ ሰንሰለቱ ሳይቆረጥ ቀርቷል፤ ደግፌም እዚያው ታስሮ ቀረ። ማታ አልጋዬ ላይ ስገለባበጥ አባዬ «ምን ነካሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት፤ ምክንያቱም ቆርጬ ነበር።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ጠዋት የመጨረሻውን ጭስ አስገብተው ቅቤ ሊገዙ ገበያ ሲሄዱ ከከሰል ምድጃችን ላይ የጋለ ፍም በጣሳ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ውታፉን ነቅዬ ፍሙን በእንጨት ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ገፋሁት፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈንኩት። ጣሳው ሌባ ጣቴን አቃጠለኝ። ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም፤ ሮጬ የግቢው በር ላይ ቆምኩ።

ባጃጅ በመጣ ቁጥር በእግሬ ጣት እቆማለሁ። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ሰው አውርዶ ይሄዳል። አንዲት የሰፈር ሴት «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

«ደግፌን። ዛሬ ይመጣል።»

ሴትየዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወሬው ወዲያው ገበያ ደረሰ። እትዬ አስካለ ቅቤያቸውን በኮባ ጠቅልለው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ እየሮጡ መጡ። እትዬ አስካለ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«የታለ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

ወደ መንገዱ ዞርኩ። ቤቱን ከፍተው አዩ፣ ጓሮውን አዩ፣ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቅቤያቸውን እንደታቀፉ ቆሙ። ከኋላቸው «እንኳን ደስ ያለሽ!» እያሉ ሁለት ጎረቤቶች ደረሱ። እትዬ አስካለ «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» አሏቸው። ያኔ የተሰማኝ እፍረት ዛሬም አልበረደልኝም።

በደመራ ዋዜማ ጉድጓዱ ተከፈተ። አፈሩ ሲነሳ የወጣው ሽታ የሙዝ አልነበረም፤ የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ወደ ቀዳዳው ያለው ሙዝ ልጣጩ ጠቁሯል፤ ራቅ ያለው አመድ የነካው አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ አስካለ አንዱን ልጠው ሰበሩት። ነጭና ደረቅ ነው። እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱና ከተቃጠለው ኮባ መሃል አንድ ከሰል አወጡ። ከሰሉን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጣትሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። ውኃ የቋጠረውን ጣቴን ቅቤ ቀቡልኝ።  ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

አንዱን ሙዝ ይዤ ወደ አባዬ ሮጥኩ። ቆረጠው፣ አዮዲን ጣል አደረገበት፤ ጠቆረ።

«ይሄማ ተቀቅሏል። ያን ዕለት ጥለሽኝ ሄድሽ እንጂ ልነግርሽ ነበር፤ ሙቀቱ ሲበዛ ኢንዛይሙ ይሞታል። ከእንግዲህ መቶ ቀን ብታስቀምጪውም አይጣፍጥም።»

«ሌላ ኢንዛይም አይገባበትም?»

«ከየት?»

ማልቀስ ጀመርኩ። አባዬ ደነገጠ። «ሀናዬ፣ ለሙዝ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» አለኝ። ለሙዝ አልነበረም። ሙዙ መቼም ካልበሰለ ደግፌ መቼም አይመጣም። እትዬ አስካለን ለዘላለም ብቻቸውን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ለአባዬ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው አላወቅሁም።

የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ደመራው ወጣ፤ አባዬም ሄደ። ግርግር የማይቀርብኝ ልጅ እንቢ ብዬ እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ውስጥ ሆነው ቅቤ ያነጥራሉ። አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

«አስካለ አለች?» አለ ጎርናና ድምፅ።

ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው። ገና ያልጠና ጢም አለው፤ ጥፍሮቹ ሥር የጋራዥ ግራሶ ገብቶ ቀርቷል። ጥቁር ቦርሳ ይዟል። አዲስ የተለሰነውን ግድግዳ ያያል። ያለ ሙዙ መጣ! እንዴት ሊሆን እንደቻለ አልገባኝም። መደሰትም መፍራትም ስላቃተኝ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

እትዬ አስካለ ወጡ። እልል አላሉም። ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ቀድመው አነሱትና ጉንጩን ሳሙት፤ እሱ ፊቱን ትንሽ ዘወር አደረገ። ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቦርሳውን ከትከሻው አላወረደም።

እሳቸው በክስታንኛ ይጠይቁታል፤ እሱ በአማርኛ ይመልሳል። «ደህና ነኝ።» «በልቻለሁ።» «አልታመምኩም።» ቀጥሎ፣ «ማታ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና አይጠፋም አይደል?»

እትዬ አስካለ ክትፎ በጣባ አቀረቡለት። አልነካውም።

«ሙዜስ?» አለ።

የለም ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ወፍ በላው፣ በሰበሰ ሊሉት ይችሉ ነበር። ገብተው ያንን ጥቁር ሙዝ በኮባ ላይ አድርገው አመጡለት። አንዱን ልጦ ገመጠ። መንጋጋው ቆመ።

«ጥሬ ነው» አለ። የቀረውን ገልብጦ አየው። «ቸኮልሽ፣ እማ። እሳት አበዛሽበት።» ከዚያ ሙዙን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፤ «አንቺ ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ።»

ብድግ አልኩ። ለዚህ እንኳ መቸኮል አለብኝ አልኩ በልቤ፤ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ ከኮባው ላይ አንድ ሙዝ አንስተው፣ ልጠው፣ ቆርሰው አጎረሱኝ። ጉርሻው አፌን ሞላው።

«አኝኪ» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። በአማርኛ ነው የመለሱለት።

«አዎ፣ ቸኮልኩ» አሉ። «ሙዙንም፣ አንተንም። የጎረቤት ልጅ ሁሉ ሲሄድ የእኔ ለምን ይቀራል ብዬ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። እዚሁ ልማር ብለህ እግሬ ላይ ስትወድቅ አልሰማሁህም። አባትህ ሞቶ ነበር፤ ፈራሁ። ብትቀር ምን እንደማበላህ አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ደግፌ አንገቱን ደፋ። አፉ ውስጥ ያለውን አልተፋውም፤ መንጋጋው ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሙዙ አፍ ላይ የሚጣበቅ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ነበር፤ በእኔም አፍ ስለነበር አውቀዋለሁ። ከሩቅ የደመራው ጭፈራ ይሰማል። ከዚያ በክስታንኛ አንድ አጭር ነገር አለ። ምን እንዳለ አልገባኝም። እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ረጥቦ ነበር።

እትዬ አስካለ ከትከሻው ላይ ቦርሳውን አውርደው ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። እኔ ገና እያኘክሁ ነበር።